አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝ፦ መርከቡ ጭቃ ላይ የቀረችበት መኮንን

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንማር ስማቸው የሚነሳው ባብዛኛው የምድር ጦር ጄኔራሎች ናቸው። እኔ ግን መርከበኛ መርጫለሁ። የባሕር በር የሌለው አገር ተማሪ ስለ መርከበኛ ምን አገባው የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የኒሚትዝ ሕይወት ግን የመርከብ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ያጠፋ ሰው ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ አለበት። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኒሚትዝ በ1885 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ የጀርመን ስደተኞች በመሠረቷት ፍሬድሪክስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሳይወለድ ነው። በልጅነቱ እንደ አባት የሆኑት፣ በወጣትነታቸው በንግድ መርከብ ሠርተው ኋላ ሆቴል የከፈቱት አያቱ ነበሩ። ልጁ የፈለገው የምድር ጦር አካዳሚን ነበር፤ ቦታ ሲያጣ ነው ወደ ባሕር ኃይሉ የሄደው። በ1905 ከ114 ተመራቂዎች 7ኛ ሆነ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጉድ መጣ። ገና ጀማሪ መኮንን ሳለ በፊሊፒንስ ዲኬተር የምትባል የጦር መርከብ አዛዥ ነበር። በሐምሌ 1908 ባታንጋስ ወደብ ስትገባ ጭቃ ላይ ተሰክታ ቀረች፤ በማግስቱ በሌላ መርከብ ተጎትታ ወጣች። በዚያ ሙያ ይህ እንጀራን የሚዘጋ ጥፋት ነው። ለጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ጥፋተኛ ተባለ፣ ተግሣጽ ተሰጠው፤ በዚህ አበቃ። ከሥራው አላባረሩትም።

በ1913 ካትሪን ፍሪማንን አገባ፤ ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ወንዱ ልጅ እንደ አባቱ የባሕር ሰርጓጅ መኮንን ሆኖ በዚያው ጦርነት ተዋግቷል። አባትየው የፓስፊክን ጦር እየመራ እንኳ ለሚስቱ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር።

ጃፓን ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ፐርል ሃርበርን ስትመታ የቀድሞው አዛዥ ተነሳና ኒሚትዝ ተተካ። ሁሉም የጠበቀው አዲሱ አለቃ የድሮዎቹን መኮንኖች ጠራርጎ ያስወጣል ብሎ ነው። እሱ ግን ባሉበት አቆያቸው። ከነዚህ አንዱ የመረጃ ኃላፊው ኤድዊን ሌይተን ነበር፤ ጥቃቱን ቀድመው ሳያውቁ ቀሩ ከሚባሉት መሐል ማለት ነው። በሰኔ 1942 ጃፓኖች ወደ ሚድዌይ ሲመጡ፣ የተሰበረውን የጠላት ኮድ ይዞ መቼና ከየት አቅጣጫ እንደሚመጡ የነገረው ይኸው ሌይተን ነው። ጃፓን አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አጣች። በ1908 የተደረገለትን በ1941 ለሌሎች አደረገ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በ1946 በኑረምበርግ የጀርመኑ አድሚራል ዶኒትዝ ተከሶ ሲቀርብ የሆነው ግን ያከራክራል። ከክሶቹ አንዱ የንግድ መርከቦችን ያለ ማስጠንቀቂያ ማስጠሙ ነበር። ኒሚትዝ ተጠይቆ፣ የአሜሪካ ሰርጓጆችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፓስፊክ ያንኑ ሲያደርጉ እንደነበር በጽሑፍ መለሰ። ዶኒትዝ በሌሎች ክሶች አሥር ዓመት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ሲመዘን ግን ያ የሰርጓጅ ጉዳይ አልተቆጠረበትም። ለናዚ ጥብቅና ቆመ የሚሉ ይኖራሉ። እኔ እንዲያ አላየውም። የራሱን እጅ ንጹሕ ነው ብሎ መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም።

ከጃፓኖችም ጋር ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1905 በቶኪዮ፣ ሩሲያን በቹሺማ ያሸነፈውን አድሚራል ቶጎን በአንድ ግብዣ ላይ አግኝቶት ነበር፤ በ1934 ቀብሩ ላይም ተገኘ። ከጦርነቱ በኋላ ሚካሳ የተባለችው የቶጎ መርከብ ተዘርፋ የጭፈራ ቤት ሆና ነበር። ያሸነፋቸው ሰው ራሱ እንድትታደስ ጻፈ፣ ገንዘብም ሰጠ። በ1961 ታድሳ ተከፈተች፤ ዛሬ ሙዚየም ነች።

በሽምግልናው ከሚስቱ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ኖረ። ሌሎች አዛዦች ትዝታቸውን ሲያሳትሙ እሱ አልጻፈም። (ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች ኪሳራ ነው!) የካቲት 20 ቀን 1966፣ 81 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው ሞተ። በአርሊንግተን መቀበር መብቱ ነበር። ግን ከስፕሩዋንስ፣ ከተርነርና ከሎክዉድ ጋር አስቀድመው ተስማምተው ነበርና፣ አራቱም የጦር ጓዶች ካሊፎርኒያ ሳን ብሩኖ ከሚስቶቻቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀብረዋል። ካትሪን በ1979 አጠገቡ አረፈች።