ዊሊያም ብላንፎርድ
ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ (እ.ኤ.አ. 1832 – 1905) እንግሊዛዊ የሥነ ምድርና የእንስሳት ተመራማሪ ነበር። ለንደን ተወልዶ ከ1855 ጀምሮ በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት አገለገለ። በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በጉዞው ላይ የትግራይን ድንጋዮች መርምሮ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» እና «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» ብሎ ሰየማቸው። በአንታሎ ድንጋይ ውስጥ የሚገኙት የባሕር እንስሳት ቅሪቶች አካባቢው በጁራሲክ ዘመን ባሕር እንደነበረ ያሳያሉ። ጥናቱ በ1870 በመጽሐፍ ታተመ።

ከመቶ ዓመት በኋላ በኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ሲፈለግ የጥንቱን ባሕር ደለል ቅደም ተከተል ማወቅ ግድ ነበር። በ1970ዎቹ በካሉብ ጋዝ ከተገኘባቸው ንብርብሮች አንዱ፣ ከባሕሩ ደለል ሥር የተኛው፣ ዛሬም ብላንፎርድ ባወጣለት የአዲግራት ስም ይጠራል።