ቪቶ ቮልቴራ

ቪቶ ቮልቴራ (ሜይ 3 ቀን 1860 – ኦክቶበር 11 ቀን 1940 እ.ኤ.አ.) የጣልያን የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ነበረ። በባሕር የሚኖሩ ፍጥረታት ቁጥር እንዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ በእኩልዮሽ በማስረዳቱ ይታወቃል።

የሕይወት ታሪክ

ቮልቴራ በአንኮና ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ በአጎቱ ቤት አሳደገችው። በ1883 እ.ኤ.አ. በፒዛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በኋላም በቶሪኖ፣ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በሮማ አስተማረ። በ1905 እ.ኤ.አ. ሴናተር ሆኖ ተሾመ።

የአድሪያቲክ ባሕር ዓሣዎች

የሴት ልጁ ባል ኡምቤርቶ ዳንኮና የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ነበረ። ዳንኮና የትሪየስተ፣ የፊዩሜና የቬኒስ ዓሣ ገበያዎችን መዝገብ ሲመረምር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ሻርክ ያሉ አዳኝ ዓሣዎች ከሌላው ጊዜ በዝተው አገኘ። ጦርነቱ ማሥገርን ቀንሶ ነበር፤ ታዲያ የበዙት ታዳኞቹ ሳይሆኑ አዳኞቹ የሆኑት ለምንድን ነው? ጥያቄውን ለቮልቴራ አቀረበለት።

ቮልቴራ መልሱን በ1926 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በመጀመሪያው እኩልዮሽ ታዳኙ ዓሣ በራሱ ይራባል፤ ከአዳኙ ጋር በተገናኘ ቁጥር ግን ይቀንሳል። በሁለተኛው አዳኙ ምግብ ሲያጣ ይመናመናል፤ ታዳኙን ሲያገኝ ይበዛል። ከዚህም የሁለቱ ቁጥር እየተከታተለ ከፍና ዝቅ እንደሚል ታየ። ሁለቱንም የሚይዝ መረብ ሲቀነስ በአማካይ የሚጠቀመው አዳኙ ነው። አሜሪካዊው አልፍሬድ ሎትካም በ1925 እ.ኤ.አ. ለብቻው ተመሳሳይ እኩልዮሾች ስላወጣ፣ በሁለቱም ስም ይጠራሉ።

መሐላውን እምቢ ማለቱ

በ1931 እ.ኤ.አ. የሙሶሊኒ መንግሥት ፕሮፌሰሮች ለፋሺስት ሥርዓት ታማኝ ለመሆን እንዲምሉ አዘዘ። ከ1,000 በላይ ከነበሩት ፕሮፌሰሮች እምቢ ያሉት 12 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ የ71 ዓመቱ ቮልቴራ ነበረ። ስለዚህ ከሮማ ዩኒቨርሲቲ ተባረረ፤ በ1934 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቀድሞ ፕሬዚዳንት ከነበረበት ከሊንቼይ አካዳሚ ወጣ። ይኸው መንግሥት በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ወረረ። ቮልቴራ በሮማ ሞተ።

ከሞቱ በኋላ

በ1946 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጎርደን ራይሊ በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፅዋትን ብዛት በተመሳሳይ ዘዴ አሰላ። ዛሬ ኮምፒውተሮች ውቅያኖስን በብዙ ትናንሽ ክፍሎች ከፍለው፣ በየክፍሉ ንጥረ ምግቡ፣ ጥቃቅን ዕፅዋቱና እነርሱን የሚበሉት እንስሳት እንዴት እንደሚለዋወጡ ያሰላሉ። የሚበላውን ከሚበላው ጋር የሚያያይዘው እኩልዮሽ መነሻው የቮልቴራ ሐሳብ ነው።