በሃያ ዶላሩ ላይ ያለችው እስረኛ

በአውስትራሊያ የሚኖር ዘመድ ካለዎት የሃያ ዶላር ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ እንዲመለከት ይጠይቁት። በአንዱ ገጽ የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ የነበሩት ቄስ ጆን ፍሊን አሉ፤ በሩቅና በረሃማ ስፍራ ለሚኖሩ ሕመምተኞች ሐኪም በአውሮፕላን የሚያደርሰውን አገልግሎት የመሠረቱ ሰው ናቸው። በሌላው ገጽ መነጽር ያደረገች፣ ቆብ ያሰረች አንዲት አሮጊት ትታያለች። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች ቢባል ማንም ያምናል። ስሟ ሜሪ ሪቢ ይባላል። አውስትራሊያ የገባችው ግን በፈረስ ስርቆት ተፈርዶባት በእስረኞች መርከብ ተጭና ነው።

ሜሪ በ1777 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ላንካሸር በምትገኘው በሪ ከተማ ተወለደች። የአባቷ ቤት ስም ሄይዶክ ነበር። ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱ አያቷ አሳደገቻት፤ ከዚያም በሰው ቤት አገልጋይ ሆና ገባች። ከዚያ ቤት እንደ ወንድ ልጅ ለብሳ ጠፋች። በ1791 የሰው ፈረስ ይዛ ስትገኝ ጄምስ በሮው እባላለሁ አለች፤ በስታፎርድ ፍርድ ቤት የቀረበችውም በዚሁ በወንድ ስም ነው። ሴት መሆኗ የታወቀው ጉዳዩ በፍርድ ቤት ከታየ በኋላ ነበር። በዚያ ዘመን ፈረስ መስረቅ በእንግሊዝ ሕግ እስከ ስቅላት የሚያደርስ ወንጀል ነው። ለእርሷ የተረፈላት የሰባት ዓመት ግዞት ሆነ። ዕድሜዋ 14 ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ከዘርዎ መካከል የታሰረ ወይም የተጋዘ ሰው ይኖር ይሆን ብለው መዝገብ የሚያገላብጡ ከሆነ፣ የሜሪ ታሪክ ብዙ ያስተምርዎታል። ሜሪ ሄይዶክ በሚለው ስም ብቻ የፈለገ ሰው ፈረሱን ሰርቃ የተያዘችበትን ጉዳይ ሊያጣው ይችላል፤ እስረኛ ስሙን ይለውጣልና። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከ1674 እስከ 1913 ያሉት የለንደን የኦልድ ቤይሊ ችሎት ዘገባዎች በኮምፒውተር ስለሚገኙ ከእነርሱ ነው። ነገር ግን ሜሪ የተፈረደባት ስታፎርድ ስለሆነ እዚያ አትገኝም። ስለዚህ በመጀመሪያ የተፈረደበትን ከተማ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የግዞተኞች መዝገብ አለ፤ በሲድኒም ከየመርከቡ ጋር የመጡት የስም ዝርዝሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝርዝሮች ስም፣ የፍርድ ቦታና ቀን፣ የቅጣት ዘመን ብቻ ይይዛሉ፤ ወንጀሉ ምን እንደሆነ እንኳ አይናገሩም። ኋላ በታዝማኒያ የተያዙት ግን ቁመቱን፣ የዓይኑን ቀለም፣ ጠባሳውንና ንቅሳቱን ሳይቀር ጽፈዋል። ከ1788 እስከ 1868 ባለው ጊዜ ወደ 162,000 የሚጠጉ እስረኞች ወደ አውስትራሊያ ስለ ተጋዙ፣ ፈላጊው ብዙ ነው።

ወደ ሜሪ እንመለስ። ሮያል አድሚራል የተባለው መርከብ በጥቅምት 1792 ሲድኒ ደረሰ። ገና መሬት እንደ ደረሰች ለአክስቷ የጻፈችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ በኒው ሳውዝ ዌልስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ አለ። በደብዳቤው ሐዘኗን አትደብቅም፤ ሆኖም ባለችበት ሁኔታ በተቻላት መጠን ደስ ብሏት ለመኖር እንደምትሞክርና መመለሻ መንገድ እንደምትፈልግ ለአክስቷ ትነግራታለች። የፍርድ መዝገቡ ወንጀለኛ ያሳየናል። ደብዳቤው ግን የናፈቀች ልጅ ያሳየናል። እኔን የሚነካኝ ይህ ነው፤ መዝገብ የሚፈልጉ ሁሉ በመዝገቡ ባይቆሙ ምናለ እላለሁ።

በሞግዚትነት ካገለገለች በኋላ በ1794 ቶማስ ሪቢ የተባለ የመርከብ መኮንን አገባች። ሰባት ልጆች ወለዱ፤ በሆክስበሪ ወንዝ ዳር እርሻ ያዙ፤ እህል በጀልባ ወደ ሲድኒ እያመጡ ነገዱ። በ1811 ባሏ ሞተ። በማግስቱ ወር የንግድ ሸሪካቸው ኤድዋርድ ዊልስም ሞተ። የ34 ዓመት መበለት ሰባት ልጆች፣ መርከቦች፣ መጋዘንና እርሻ በእጇ ቀሩ። አልተሸነፈችም፤ በ1812 አዲስ መጋዘን ከፈተች፤ በ1816 ሀብቷ 20,000 ፓውንድ ይደርሳል ይባል ነበር። በ1817 የኒው ሳውዝ ዌልስ ባንክ ሲቋቋም ሥራውን የጀመረው በእርሷ ቤት ነው። ሆኖም ጻድቅ አድርገን አንሳላት። በዚያው ዓመት የእርሷ ገንዘብ የነበረበትን አንድ ሰው መታሻል ተብላ ተከስሳ ጥፋተኛ ተብላለች። ይህም በመዝገብ አለ።

በ1820 ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር የትውልድ አገሯን ልትጎበኝ ሄደች፤ በባለጠግነት እንግሊዝን አይታ በ1821 ተመለሰች። በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርትና በበጎ አድራጎት ሥራ ትሳተፍ ነበር፤ በ1825 ከአንድ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች መካከል ተሾመች። በ1828 የሕዝብ ቆጠራ ተደረገ። እያንዳንዱ ሰው ነፃ ሆኖ እንደ መጣ፣ በእስር እንደ መጣ ወይም በዚያ እንደ ተወለደ ይጠየቅ ነበር። ሜሪ በ1821 ነፃ ሆኜ መጣሁ ብላ አስመዘገበች። በ1821 በነፃነት መመለሷ እውነት ነው፤ ስለ 1792ቱ ግን ዝም አለች። ይህን ቆጠራ ብቻ ያየ የልጅ ልጅ ቅድመ አያቴ እስረኛ አልነበረችም ቢል አይፈረድበትም።

እኛም የዘር ሐረግ ስንቆጥር ፊታውራሪውን እንጠራለን፤ የታሰረውን ዘለን እናልፋለን። ማቴዎስ ግን ወንጌሉን ሲጀምር ረዓብን ከዝርዝሩ አላወጣትም።

ሜሪ በግንቦት 1855 በሲድኒ አቅራቢያ በኒውታውን አረፈች። ስሙን ከአያቱ የወረሰው የልጅ ልጅዋ ቶማስ ሪቢ በታዝማኒያ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ዲያቆን ሆኖ አገለገለ፤ ከዚያም አገልግሎቱን ትቶ ወደ ፖለቲካ ገባና ከ1876 እስከ 1877 የቅኝ ግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረ። የሜሪ መልክ በገንዘቡ ላይ የወጣው በ1994 ነው፤ በ2019 ወረቀቱ ሲታደስም አልወረደም።