የመኪና ቀለምን ከሳምንታት ወደ ሰዓታት ያሳጠረው ቻርልስ ኬተሪንግ

በምትኖሩበት ከተማ መንገድ ላይ ወይም በኤግዚቢሽን አዳራሽ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ የድሮ መኪና አይታችሁ ይሆናል። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የተቀቡት ላከር በሚባለው ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ነው። ይህ ቀለም ለመኪና እንዲበቃ ካደረጉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። የዛሬው የታዋቂ ሰዎች ታሪካችን ስለ እሱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ኬተሪንግ ኦገስት 29 ቀን 1876 በኦሃዮ ግዛት፣ ላውደንቪል አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዓይኑ ደካማ ስለነበር ብዙ ካነበበ ራሱን ክፉኛ ያመው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት በገጠር ትምህርት ቤት አስተማረ። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም በዓይኑ ሕመም ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ ከስልክ መስመር ዘርጊዎች ጋር በጉልበት ሥራ ቆየ። ተመልሶ ሲገባ ጓደኞቹ መጽሐፉን እያነበቡለት ተማረ። በ1904 ሲመረቅ 27 ዓመቱ ነበር። ትምህርታችሁን አቋርጣችሁ የተሰደዳችሁ፣ አሁን ጊዜው አልፎብኛል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ከዚያ በዴይተን ከተማ በአንድ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ማሽኑ በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ አደረገ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ መኪና አዞረ። በዚያ ዘመን መኪና የሚነሣው ከፊት ለፊቱ ማኖቬላ አስገብቶ በጉልበት በማሽከርከር ነበር። ማኖቬላው ወደ ኋላ ከመታ ክንድ ይሰብራል። የኬተሪንግ የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ጉልበት የሌለው ሰውም፣ በተለይም ሴቶች፣ ረዳት ሳይጠሩ መኪና ማስነሣት ቻሉ።

በ1920 ኬተሪንግ የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል ኃላፊ ሆነ። እዚያ ከገጠሙት ትልልቅ ማነቆዎች አንዱ ቀለም ነበር። የዘይት ቀለምና ቨርኒሽ በብሩሽ ተደራርቦ ይቀባል፤ እያንዳንዱ ሽፋን እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ እንደገና ይቀባል። አንድ መኪና እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ያም ሆኖ ቀለሙ በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ይሰነጣጠቃል።

እንደሚተረከው፣ ኬተሪንግ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ሱቅ መስኮት የሚያብረቀርቅ ትንሽ ሳህን አየ። የተቀባው በላከር ነበር። የላከሩን ሠሪ አፈላልጎ ሲያገኘው፣ ቀለሙ ከመጠን በላይ ቶሎ ስለሚደርቅ ለመኪና እንደማይሆን ነገረው። ኬተሪንግ ግን አልተወውም። ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያም በ1920 ከጥጥ ከሚገኘው ናይትሮሴሉሎስ ወፍራም ሽፋን የሚሰጥ፣ ሆኖም በመርጫ መሣሪያ መውጣት የሚችል ፈሳሽ የሚሠራበትን መንገድ አገኘ። ሁለቱ ኩባንያዎች አብረው ደክመው፣ ዱኮ የተባለው ላከር በ1923 ኦክላንድ በተባለ መኪና ላይ በሰማያዊ ቀለም ለገበያ ቀረበ። የሳምንታት ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ።

ላከር ግን አስቸጋሪ ባሕርይ አለው። ቲነሩ ኃይለኛ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን የዘይት ቀለም ያኮማትረዋል። በባዶ ብረት ላይም ብቻውን በደንብ አይዝም። ስለዚህ ከሥሩ የሚገባው አንቲረስትም ሆነ ስቱኮ ከላከሩ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ዛሬም የድሮ መኪና የሚያድሱ ባለሙያዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በማይታይ ቦታ ላይ በላከር ቲነር የረጠበ ጨርቅ ያሳርፋሉ። አሮጌው ቀለም ሟሙቶ ጨርቁን ካቀለመ ላከር ነው፤ ከተኮማተረ ሌላ ዓይነት ነው። ከተኮማተረ ወይ እስከ ብረቱ ድረስ ይፈቀፍቃሉ፣ ወይ ለላከር ተብሎ የተሠራ ሲለር ይቀባሉ። ሲለር አሮጌውንና አዲሱን ቀለም የሚለይ መካከለኛ ሽፋን ነው። ሲለሩን፣ ቲነሩንና ላከሩን አብረው እንዲሠሩ ከተዘጋጁት መካከል ይመርጣሉ። በስሱ ይረጩታል፤ ከወፈረ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ይህ ዕውቀት ለቤት ሥራም ይጠቅማችኋል። የጥፍር ቀለም የሚሠራው ከዚያው ከናይትሮሴሉሎስ ነው፤ ማጥፊያው አሴቶንም እንደ ላከር ቲነር ኃይለኛ ነው። አንዲት ጠብታ በማዳም የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ከወደቀች ቨርኒሹን ትበላለች። ስለዚህ ከሥሩ ትሪ አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ፤ እሳት አጠገብ አትጠቀሙበት። ከሁሉ በላይ የማይስማሙ ማጽጃዎችን አትቀላቅሉ። በረኪና ከአሲድ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። አሠሪ ቀላቅሉ ቢልም እንኳ አደጋውን አስረዱ።

የኬተሪንግ ታሪክ ጥላም አለው። በ1921 በእሱ ላቦራቶሪ ቶማስ ሚድግሌይ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አገኘ። በ1924 በኒው ጀርሲ ይህን ቅመም ሲሠሩ 5 ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ። ኬተሪንግና ኩባንያው ግን ምርቱን ቀጠሉበት። ዓለም ለመኪና እርሳስ ያለበትን ቤንዚን መሸጥ ሙሉ በሙሉ ያቆመው በ2021 ነው።

በ1945 ከአልፍሬድ ስሎን ጋር በኒው ዮርክ የካንሰር ምርምር ተቋም መሠረቱ፤ ተቋሙ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። ኬተሪንግ ኖቬምበር 25 ቀን 1958 በ82 ዓመቱ አረፈ። ስሙ በበጎም በመጥፎም ይነሣል። ቀለሙን ስታደንቁ፣ ያንን ትነት እየተነፈሱ የሠሩትንም ሠራተኞች አስቡ። የእናንተም ጤና ከሚያብረቀርቅ ቤት ይቀድማል።