ክሩ የተበጠሰበት ቫዮሊን ተጫዋች

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የማቀርብላችሁ ስቴፋን ግራፔሊ የሚባለውን ፈረንሳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ነው። ለምን እሱን መረጥኩ? በወላጆች ቀን ማሲንቆ ስጫወት የሆንኩትን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ዜማው መሀል ላይ ጠፋኝና እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ። ከኋላ የሳቁትን ልጆች አልረሳም። ከዚያ በኋላ ማሲንቆዬን አልጋ ሥር ከትቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነካሁትም። የዚህን ሰው ታሪክ ያኔ ነው የክበባችን መምህር የነገሩኝ።

ግራፔሊ እ.ኤ.አ. በ1908 ፓሪስ ተወለደ። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ሞተችበት። አባቱ ጣሊያናዊ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አባትየው ሊዋጋ ዘመተ፣ ልጁ ደግሞ ሕፃናት ማሳደጊያ ገባ። እዚያ ብዙ ተቸገረ። ጦርነቱ ሲያልቅ አባቱ መጥቶ ወሰደው። ድሆች ነበሩ እኮ! ታዲያ አባትየው ምን አደረገ መሰላችሁ? የክት ልብሱን አስይዞ ቫዮሊን ገዛለት። ልጁ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር።

አስተማሪ የሚቀጠርበት ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚጫወቱትን ሰዎች እጅ እያየ ጀመረ። ኖታም ተማረ። በ15 ዓመቱ ሲኒማ ቤት ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ፊልም ድምፅ ስላልነበረው ሙዚቀኞች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ያጅቡት ነበር። ከአሜሪካ የመጣውን ጃዝ በሸክላ የሰማውም ያን ሰሞን ነው። ጃዝ ላይ ሙዚቀኛው ዜማውን እንዳለ ብቻ አይደግመውም፤ እዚያው በዚያው እየፈጠረ ይጨምርበታል። የኛ አዝማሪዎች ሰው እያዩ ግጥም እንደሚፈጥሩት በሉት።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ክላሪጅ ሆቴል ሲሠራ የቫዮሊኑ ክር ተበጠሰ። ከመድረክ ጀርባ ሄዶ ክሩን ቀየረና ሲቃኝ አንድ ዜማ ቢጤ ሞከረ። ጃንጎ ሬይንሃርት የሚባል ጊታር ተጫዋች ሰማውና በጊታሩ ተከተለው። ኖታ የለ፣ ልምምድ የለ! ደስ ስላላቸው በየእረፍቱ እንዲህ መጫወት ያዙ። በዚያው ዓመት አምስት ሆነው ቡድን መሠረቱ፦ ሦስት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ቫዮሊን። ከበሮ የላቸውም። ጃንጎ ራሱ ጉደኛ ሰው ነው። እሳት የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ስለጎዳበት ፈጣኑን ዜማ የሚጫወተው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነበር፤ ኖታም አያነብም።

እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ለንደን ነበሩ። ጃንጎ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፣ ግራፔሊ ለንደን ቀረ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እንደገና አብረው ተጫወቱ፤ ጃንጎ ግን በ1953 ሞተ። ግራፔሊ ብዙ ዓመት ቀጠለ። በ1970ዎቹ ዓለም ካወቀው ቫዮሊኒስት ከይሁዲ ሜኑሂን ጋር ሸክላ አስቀረጸ። የሚገርመው ሜኑሂን የሚጫወተው በኖታ ይጻፍለት ነበር፤ ግራፔሊ ግን እዚያው ይፈጥራል። ያረፈው በታኅሣሥ 1 ቀን 1997 እ.ኤ.አ.፣ በ89 ዓመቱ ነው።

መፍጠር ማለት ግን ዝም ብሎ መነካካት አይደለም። መምህራችን እንዳስረዱኝ መጀመሪያ ዋናው ዜማና ቅኝቱ በደንብ መያዝ አለበት። እኔ በትዝታ ቅኝት ሞከርኩ። ድምፆቹ አምስት ብቻ ናቸው። ዜማው ሲጠፋኝ ከአምስቱ ሳልወጣ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ከዚያ ወደ መነሻዬ እመለሳለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከአንድ ክራር ከሚጫወት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ጋር ስንጫወት ሁለቴ ጠፋኝ። እሱ አላወቀብኝም!

የማሲንቆዬ ጭራ ትንሽ ሳስቷል፣ ቢበጠስም ግድ የለኝም። ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ነን። ክራርም ዋሽንትም ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሳቃችሁትም ጭምር።