ከመንደር እንስራ እስከ ገንዘብ ኖት፦ ሸክላ ሠሪዋ ላዲ ክዋሊ

የናይጄሪያን 20 ናይራ ኖት ገልብጦ የተመለከተ ሰው ሸክላ የሚሠሩ ሴት ምስል ያገኛል። እኒህ ሴት ላዲ ክዋሊ ናቸው።

ላዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ገደማ ክዋሊ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። በጓሪ ማኅበረሰብ ዘንድ ሸክላ የሴቶች ሙያ ነው፤ እርሳቸውም ገና በልጅነታቸው ከአክስታቸው ቀሰሙት። መንኮራኩር አልነበራቸውም። የጭቃ ጥቅልሎችን በላይ በላዩ እየደረደሩ፣ እርሳቸው ራሳቸው በዕቃው ዙሪያ እየዞሩ ያሳድጉት ነበር። ገላው ላይ እንሽላሊት፣ ጊንጥና አዞ ይቀርጹበታል። የሚተኮሰውም ሜዳ ላይ በሚነድ እሳት ነበር።

በ1950 እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው በአቡጃው አሚር ቤተ መንግሥት የላዲን እንስራዎች አይተው ተደነቁ። ያቺ ከተማ ዛሬ ሱሌጃ ትባላለች። ካርዲው ብዙም ሳይቆዩ በዚያው የሸክላ ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋሙ፤ ሠልጣኞቹ ግን ወንዶች ነበሩ። በ1954 ላዲ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ገቡ። እርሳቸውን ተከትለውም ሌሎች የጓሪ ሴቶች ማዕከሉን ተቀላቀሉ።

የማዕከሉ እቶን ከ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግል ነበር። በዚህ ሙቀት ጭቃው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ የተቀባውም ቅብ ቀልጦ እንደ መስታወት ይለብሰዋል። ላዲ በመንኮራኩር መሥራትን ቢማሩም ትልልቆቹን እንስራዎች በእጃቸው መሥራታቸውን አልተዉም። ለውጡ ግን ያሳጣው ነገር ነበር። የመንደር እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በገላው ጥቂት በጥቂት ስለሚያወዛ ነው፤ አዲሱ ዕቃ ውኃ አያሳልፍምና ይህ ጠባይ ቀረበት። ከጓዳ ወጥቶም በለንደን ዐውደ ርእይ ለእይታ የሚቀርብ ጌጥ ሆነ።

ላዲ በአውሮፓ፣ በ1972ም በአሜሪካ እየተዘዋወሩ አሠራራቸውን በተመልካች ፊት አሳዩ። የብሪታንያ መንግሥት ኒሻን ሸለማቸው። በ1977 በዛሪያ የሚገኘው አህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ ከአክስታቸው እጅ የተማሩት ሙያ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ተከበረ።

ላዲ ክዋሊ ነሐሴ 1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚና ከተማ አረፉ። በወንዶች መካከል ብቻቸውን የገቡበት ማዕከልም በስማቸው ተሰየመ።