የባሕሩን ገደል የወረደው መርከበኛ
የዣክ ኢቭ ኩስቶ የሕይወት ታሪክ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ በባሕር ላይ ሲመላለስ ኖሯል፤ ዓሣ አጥምዷል፥ ዕንቁ ለቅሟል፥ በመርከብ ነግዷል፥ ተዋግቷልም። ይሁን እንጂ ከመርከቡ በታች ያለውን ዓለም እንደ ልቡ ተዘዋውሮ ለማየት የቻለው ገና በቅርብ ዘመን ነው። ትንፋሹን ይዞ የሚጠልቅ ሰው ከውሃ በታች የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከባድ የመዳብ ቆብ ደፍቶና የእርሳስ ጫማ ተጫምቶ የሚወርደው ጠላቂም አየር የሚደርሰው ከላይ በተዘረጋ ቱቦ ስለ ነበረ፥ እንደ ታሰረ በሬ ከገመዱ ርቆ ለመሄድ አይችልም ነበር።

ይህን ገመድ ለመበጠስ የደከሙት ሰዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ስሙ በዓለም የታወቀው ግን ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኰንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነው። እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የእርሱን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ መሣሪያው እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ለተማሪ የሚጠቅም ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛ፥ ይህ ሰው ባሕርን ለማሸነፍ ገብቶ የባሕር ጠበቃ ሆኖ የወጣ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ኩስቶ በ1910 ዓ.ም. ጁን 11 ቀን፥ በቦርዶ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሳን አንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ። በልጅነቱ ሰውነቱ ደካማና ሕመም የሚያጠቃው ነበረ። አባቱ የአሜሪካውያን ባለጸጎች ጸሐፊ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ ለጥቂት ጊዜ በኒውዮርክ ተቀምጧል። በዚያ አገር በአንድ የልጆች የዕረፍት ሰፈር ሳለ፥ ከሐይቅ ሥር የወደቁትን ቅርንጫፎች እየጠለቀ እንዲያወጣ ታዘዘ፤ ከውሃ በታች መሥራትን ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረው በዚህ ነው። በ13 ዓመቱ ባጠራቀመው ገንዘብ የፊልም ማንሻ ካሜራ ገዝቶ፥ ሥራውን ለማወቅ ሲል ፈታትቶ እንደ ገና ገጠመው። በትምህርቱ ግን ትጉህ አልነበረም፤ የትምህርት ቤት መስኮቶች በመስበሩ እስከ መባረር ደርሶ ነበር። ወላጆቹም ሥርዓቱ ጥብቅ ወደ ሆነ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩት። ልቡም ወደ ትምህርት ተመልሶ፥ በ1930 በብሬስት ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ለመግባት በቃ።

የወጣቱ መኰንን ምኞት አውሮፕላን ነጂ መሆን ነበር። ነገር ግን በ1936 የአባቱን መኪና በሌሊት ሲነዳ ተገልብጦ ክንዶቹ ክፉኛ ተሰበሩ። ሐኪሞች አንደኛው ክንዱ እንዲቈረጥ አሳስበውት ነበር፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። ከብዙ ወራት ሥቃይ በኋላ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ቻለ። የአውሮፕላን ነጂነት ተስፋው ግን በዚያው ቀረ። ከዚህ በኋላ በቱሎን ወደብ ተመድቦ፥ ክንዶቹን ለማጠንከር በየቀኑ በሜዲትራንያን ባሕር ይዋኝ ጀመር። በዚያም ፊሊፕ ታይዬ የተባለ መኰንን የውሃ መነጽር ሰጠው። ኩስቶ መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ወደ ውሃው ባጐነበሰ ጊዜ፥ ከላይ ሰማያዊ ብቻ መስሎ ይታይ የነበረው ባሕር ዓሣና ሣር የሞላበት አገር ሆኖ ታየው። ክንፍ የከለከለው አደጋ ወደ ሌላ ሰማይ መራው ለማለት እንችላለን።

ከታይዬና ፍሬዴሪክ ዱማ ከተባለ ጐበዝ ጠላቂ ጋር ሆኖ፥ ከውሃ በታች ብዙ ጊዜ የሚያስቈይ መሣሪያ መፈለግ ጀመረ። በመጀመሪያ ንጹሕ ኦክሲጅን በሚሰጥ መሣሪያ ሞከረ። ሆኖም ንጹሕ ኦክሲጅን በውሃ ግፊት ሲተነፍሱት መርዝ ስለሚሆን፥ ከ15 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ሁለት ጊዜ ሰውነቱ ተንዘፍዝፎ ራሱን ሊስት ደረሰ። በሁለቱም ጊዜ የዳነው ከመሳቱ በፊት የክብደት ቀበቶውን ጥሎ ወደ ላይ በመውጣቱ ነው።

እዚህ ላይ ችግሩን በአጭር ቃል መግለጽ ያስፈልጋል። ሰው ወደ ባሕር በወረደ ቍጥር፥ በየ10 ሜትሩ የአንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨመርበታል። በ30 ሜትር ላይ ያለ ሰው በምድር ላይ ካለው ሰው አራት እጥፍ ግፊት ይሸከማል። ስለዚህ ሳንባው እንዳይጨመቅ፥ የሚተነፍሰው አየር በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር በግፊት እኩል መሆን አለበት። ይህንም ማስተካከል ያለበት መሣሪያው ራሱ ነው፤ ጠላቂው በእጁ ቍልፍ እያዞረ ሊያደርገው አይመችም።

መልሱ የተገኘው ከማይታሰብ ስፍራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤንዚን በፈረንሳይ አገር ስለ ጠፋ፥ ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ መኪናዎችን በጋዝ ለማስኬድ የሚረዳ መመጠኛ ሠርቶ ነበር። ኩስቶ በ1942 መጨረሻ ፓሪስ ሄዶ ጋኛንን አገኘው። ሁለቱም ይህን የመኪና መመጠኛ ለሰው ሳንባ እንዲስማማ አድርገው ለወጡት። በ1943 መጀመሪያ በማርን ወንዝ በሞከሩት ጊዜ፥ ጠላቂው ሲጋደም በደኅና ሠራ፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ በከንቱ ይፈስ ነበር። ምክንያቱን መርምረው አየር የሚገባበትንና የሚወጣበትን ስፍራ በአንድ ደረጃ ላይ ቢያደርጉት ተስተካከለ። መሣሪያውም አኳ ለንግ ተባለ፤ የውሃ ሳንባ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በጁን ወር ባንዶል በተባለው ጠረፍ ኩስቶ መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ ወደ ባሕር ገባ። ባለቤቱ ሲሞን ከላይ እየዋኘች ትጠብቀው ነበር፤ ዱማም አደጋ ቢደርስ ለመርዳት በዳር ተዘጋጅቶ ነበር። ኩስቶ እንደ ዓሣ ተጋደመ፥ ተገለበጠ፥ በራሱም ቆመ፤ አየሩ ሳይቋረጥ መጣለት። በዚያ በጋ ጓደኞቹ በጠቅላላው ከ500 ጊዜ በላይ ጠለቁ።

ይህ ሥራ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በጥልቅ ውሃ ውስጥ በአየር ያለው ናይትሮጅን ሰውን እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ ጠላቂው ደስ ይለዋል፥ ፍርሃትም ይጠፋለታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአገራችን ተረት በእውነት የሚፈጸመው እዚህ ነው። በ1947 ሞሪስ ፋርግ የተባለው የኩስቶ ባልደረባ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚቻል ለመፈተን ወደ 120 ሜትር ወረደ፤ በገመዱ ላይ በተንጠለጠለውም ሰሌዳ ስሙን ጻፈ። ጓደኞቹ ስበው ባወጡት ጊዜ ግን የአየር ቱቦው ከአፉ ወልቆ ነበር፤ ነፍሱንም ለመመለስ አልቻሉም። ከዚህ ሐዘን በኋላ ለጠላቂዎች የጥልቀት ወሰን ማወቅ ዋና ትምህርት ሆነ።

በ1950 አንድ እንግሊዛዊ ባለጸጋ፥ ቀድሞ ፈንጂ መጥረጊያ የነበረች ካሊፕሶ የምትባል መርከብ ገዝቶ፥ ለስሙ ያህል በዓመት በአንድ ፍራንክ ኪራይ ለኩስቶ ሰጠው። በ1951 መጨረሻ ካሊፕሶ ሳይንቲስቶችን ጭና ወደ ቀይ ባሕር ተጓዘች።

ቀይ ባሕር ከአገራችን ተራሮች የራቀ አይደለም፤ ስለዚህ በዚያ ያለውን ነገር ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን። ኮራል ድንጋይ መስሎ ይታያል እንጂ ሕይወት ያለው ነው። እጅግ ትንንሽ እንስሳት በአንድነት እየኖሩ ከኖራ የተሠራ ቤት ይሠራሉ፤ በሰውነታቸውም ውስጥ የፀሐይ ብርሃን የሚሹ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። ከዚህም የተነሣ ኮራል በጠራና በሞቀ ውሃ፥ ብርሃን በሚደርስበት ስፍራ ይበቅላል። በብዙ ሺህ ዓመታት የኖራው ቤት ተከምሮ ሪፍ ይሆናል። በብዙ ስፍራም የሪፉ አናት ከባሕሩ ፊት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፥ ጐኑ እንደ ሰሜን ተራሮች ገደል ቀጥ ብሎ ወደ ጨለማ ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ገደል ካለባቸው ስፍራዎች አንዱ፥ በሱዳን ጠረፍ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን የሚገኘው ሻብ ሩሚ ነው። በመካከሉ ጸጥ ያለ ኩሬ አለ፤ በውጭ በኩል ግን ገደሉ በመቶ በሚቈጠር ሜትር ይወርዳል። የባሕር ጅረት ከሪፉ ጫፍ ጋር ሲጋጭ ይከፈልና ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ፍጥረታትንም ይዞ ይመጣል። እነዚህን ለመብላት ትንንሽ ዓሦች ፊታቸውን ወደ ጅረቱ አዙረው ይሰበሰባሉ፤ እነርሱን የሚበሉ ትልልቆች ይከተላሉ፤ ከሁሉ በኋላ ሻርኮች ይመጣሉ። ጅረቱ ቢቆም ገበታው ሁሉ በታጠፈ ነበር።

በዚህ ስፍራ ለሚጠልቅ ሰው ጅረቱ ከሁሉ የበለጠ መምህር ነው። ብርቱ ዋናተኛ እንኳ ከእርሱ ጋር ታግሎ ብዙ አይዘልቅም፤ የታገለ ቶሎ ይደክማል፥ አየሩንም ያባክናል። በ30 ሜትር ላይ አየር የሚያልቀው በምድር ላይ ከሚያልቅበት በአራት እጥፍ ፍጥነት መሆኑን መርሳት አይገባም። አንዳንድ ጊዜም ጅረቱ ገደሉን ተከትሎ ወደ ታች ይጐትታል፤ ከበታችም የሚቆሙበት መሬት የለም። ስለዚህ ብልህ ጠላቂ ገደሉን በአንድ ጐኑ አድርጎ ራሱን ለጅረቱ ይሰጣል፤ ጥልቀቱንና የቀረውን አየር እየተመለከተ እንደ ቅጠል ይንሳፈፋል፤ ጀልባውም ከላይ ትከተለዋለች። ሲወጣም ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ቢቸኩል በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን እንደ ተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ሆኖ ሽባ ሊያደርገው ወይም ሊገድለው ይችላል።

ኩስቶ የዚህን ዓለም ውበት ለሰው ሁሉ አሳየ። ከሉዊ ማል ጋር ያዘጋጀው ዝምተኛው ዓለም የተባለው ፊልም በ1956 በካን ከተማ የመጀመሪያውን ሽልማት፥ በ1957ም የአሜሪካንን ኦስካር አገኘ። ነገር ግን በዚያው ፊልም ዛሬ የሚመለከተውን የሚያሳዝን ነገር አለ። ባልደረቦቹ ዓሦችን ለመቍጠር ሲሉ በኮራል ሪፍ ላይ ዲናሚት ያፈነዳሉ፤ በመርከባቸው የቈሰለውን የዓሣ ነባሪ ግልገል ሊበሉ የመጡትን ሻርኮች ይገድላሉ። በዚያን ጊዜ ባሕር የማያልቅ መስሎ ይታይ ስለ ነበረ፥ ሥራው ለብዙ ሰው ነውር አልመሰለም። እኛ ይህን የምንጽፈው ታላቅን ሰው ለማዋረድ አይደለም፤ የታላቅ ሰው ታሪክ ከነጕድለቱ ሲነገር ይበልጥ ስለሚያስተምር ነው።

በ1963 ደግሞ በዚያው በሻብ ሩሚ የሚያስደንቅ ሥራ ተሠራ። ከውሃው በታች በ10 ሜትር ላይ የባሕር ኮከብ የመሰለ የብረት ቤት ተተከለ፤ በውስጡም አምስት ሰዎች ለአንድ ወር ኖሩ። ሁለት ሰዎችም ወደ 30 ሜትር ግድም በተተከለች ትንሽ ክፍል አንድ ሳምንት ቈዩ። ስለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ፊልምም ኦስካር አስገኘ። ለሥራው ገንዘብ ከሰጡት መካከል የነዳጅ ዘይት ኩባንያዎች ነበሩበት፤ ተስፋቸው ሰው ከባሕር ሥር ተቀምጦ ዘይት እንዲያወጣ ነበር። የዚያ መንደር ጥቂት ቅሪቶች ዛሬም በስፍራው አሉ፤ ኮራልም በቅሎባቸዋል።

ኩስቶ ግን ወደዚያ ስፍራዎች በተመለሰ ቍጥር ባሕሩ እየተራቈተ መሄዱን አየ። ቀድሞም በ1960 የአቶም ሥራ ቆሻሻ በሜዲትራንያን ባሕር እንዳይጣል ተከራክሮ ነበር። ከ1968 ጀምሮ በቴሌቪዥን ባቀረባቸው ፊልሞች ለብዙ አገር ሕዝብ ባሕርን አስተማረ፤ በ1973 ባሕርን የሚጠብቅ ማኅበር በስሙ አቋቋመ። በ1990 በደቡብ ዋልታ ምድር ማዕድን እንዳይቈፈር የሕዝብ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ፤ በ1991ም መንግሥታት ይህን የሚከለክል ውል ተፈራረሙ።

የእርጅናው ዘመን ሐዘን የበዛበት ነበር። በ1979 ልጁ ፊሊፕ በሊስቦን አጠገብ በባሕር አውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1990 ባለቤቱ ሲሞን፥ የካሊፕሶ መርከበኞች እንደ እናት ያዩዋት የነበረችው፥ አረፈች። በ1996 ካሊፕሶ ራሷ በሲንጋፖር ወደብ ተገጭታ ሰጠመች። ኩስቶም በ1997 ዓ.ም. ጁን 25 ቀን በፓሪስ በ87 ዓመቱ ዐረፈ፤ በትውልድ ከተማውም ተቀበረ። እርሱ በሞተ በዓመቱ፥ በ1998፥ የባሕር ውሃ ከልክ በላይ በመሞቁ በዓለም ላይ ብዙ የኮራል ሪፎች ቀለማቸው ገርጥቶ ነጡ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ከዚያ ወዲህም ይኸው ነገር ተደጋግሟል።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ኩስቶ ክንዱ ሲሰበር ተስፋ አልቈረጠም፤ የመኪና ዕቃ አይቶ የሰው ሳንባ አሰበ፤ ያልሠራለትንም ደጋግሞ ሞከረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፥ ከከበረና ከተጨበጨበለት በኋላ ሐሳቡን ለመለወጥ አለማፈሩ ነው። በገደሉ ዳር ያለው ጠላቂ ጅረቱን በጕልበት አያሸንፈውም፤ ሕጉን አውቆ አብሮት ይሄዳል እንጂ። የአገራችንም ወንዝ፥ ሐይቅና ደን ሕግ አላቸው። ሕጋቸውን ተምረን ብንጠብቃቸው ይመግቡናል፤ አይተን እንዳላየን ብንሆን ግን የሚጐዳው ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ነው።